ማገልገል ደስ ማለቱን ሲያቆምስ?

ጥያቄውን በኢንተርኔት ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ እኖራለሁ። የሰፈራችን የሴቶች ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ ሐሙስ ሐሙስ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ምሳ ያበላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሲገኝ ድንች። ሥጋ አይገባም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ እንዲበላ ብለን ነው። ወጥ ቤቱን የማስተባብረው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሐሙስ እስኪደርስ እጓጓ ነበር። አሁን ገና ረቡዕ ማታ ራሴን ያመኛል። ሽንኩርት መክተፉ አይደለም የከበደኝ፤ ደስታው ነው የጠፋው። በቤተ ክርስቲያኑም በመስጊዱም፣ ሰው ማገልገል ደስታ ነው ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ታዲያ ደስታው ከሄደ አገልግሎቱ ዋጋ አለው ወይ? ወይስ ደስ የሚላት ሌላ ሴት ትተካኝ? ይኸው ነው የጠየቅሁት።

የመጣው ምላሽ ብዙ ነው። አንዳንዱ ረጅም፣ አንዳንዱ ምርቃት ብቻ፣ አንዳንዱ ስድብ ቀረሽ። ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ለሌለው፣ በየቁጥሩ የተባለውን በራሴ አፍ ልንገራችሁ። ጣልቃ እየገባሁ የራሴንም እላለሁ።

1 እና 2። ሁለቱም ምርቃት ናቸው። እጄ እንዲባረክ፣ ድካሜ እንዲቆጠርልኝ ተመኙልኝ። አሜን ብያለሁ። ጥያቄዬን ግን አልነኩትም።

3። ዲያቆን ነኝ ያለ ወጣት ነው፣ ከወደ ገራዶ። የማርታንና የማርያምን ታሪክ አመጣ፤ ሉቃስ ምዕራፍ 10 ላይ ያለውን። ጌታ ማርታን የወቀሳት ስላበሰለች አይደለም ይላል። በብዙ ነገር ስለተጨነቀችና እህቷ አላገዘችኝም ብላ ስለከሰሰች ነው። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት እሳት ስታያይዢ ማንን ነው የምታስቢው ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የማስበው ዛሬ ደግሞ ማን ትቀር ይሆን እያልኩ ነው። ልጁ ወጣት ነው፣ ግን ነገር ያውቃል።

4። አንዲት እናት ዲያቆኑን በፈገግታ ያዙት። ማርታም እንደ እህቷ ቁጭ ብትል ኖሮ እንግዶቹ ጦማቸውን ያድሩ ነበር አሉ። ከሁሉም ብዙ ላይክ ያገኘው ይኼ ነው። የሰጡትም፣ ባየሁት ስም፣ ሴቶች ናቸው።

5። ከሚቀበል ይልቅ የሚሰጥ ብፁዕ ነው የሚለውን ቃል አስታወሰና፣ ማቴዎስ ወንጌል ላይ አለ አለ።

6። አይደለም ብሎ አረመው ሌላው፣ በትሕትና። ቃሉ የጌታ ቢሆንም ከአራቱ ወንጌላት በአንዱም አልተጻፈም። ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት የጠቀሰው ነው፤ የሐዋርያት ሥራ 20፥35። 5ም አመስግኖ ተቀበለ። እስከዚህ ድረስ ጨዋነታችን ያስቀና ነበር።

7። ሸዋ በር አካባቢ ለልጆች ቁርኣን የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ሁለት ነገር አሉኝ። አንደኛው፣ ሱረቱል በቀራህ 264ኛው አንቀጽ ላይ ምእመናን ሰደቃቸውን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳያበላሹ ተነግሯቸዋል። አንቀጹ ሰጪው ደስ ይለው አይለው አይጠይቅም፤ ተቀባዩ እንዳይከፋው ነው የሚጠብቀው። ሁለተኛው ሐዲስ ነው። ጥላ በሌለበት ቀን አላህ በጥላው ሥር ከሚያስጠልላቸው ሰባት ዓይነት ሰዎች አንዱ፣ ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራ እጁ እስከማያውቅ ድረስ ደብቆ የሚሰጥ ነው። ከዚያ ዲያቆኑን ጠርተው፣ ይኼ ነገር እናንተም ዘንድ የለም ወይ አሉት። ዲያቆኑ ወዲያው ማቴዎስ 6፥3ን አመጣ። ሁለቱ ሰዎች ለጥቂት ጊዜ እርስ በርሳቸው ብቻ ሲጨዋወቱ ቆዩ። እኛ ዳር ቆመን አነበብን።

8። ይህን ያቋረጡት የኛው ቅሬ ገንዘብ ያዥ ናቸው። እሳቸው ሁሉም ነገር በደረሰኝ ነው። ከራስህ ኪስ ስትሰጥ ግራ እጅህ ባታውቅ ጥሩ ነው፤ የሰው መዋጮ ይዘህ ግን ግራም ቀኝም፣ ጎረቤትም ማወቅ አለበት አሉ። የጋራ ድስት ውስጥ ምስጢር የገባ ዕለት ሐሜት ይገባል፣ ሐሜት ከገባ ቅሬው ይፈርሳል። ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ሳቀበት። እኔ አልሳቅሁም። ከደከሙኝ ነገሮች አንዱ ይኼው ነበር፤ ዘይቱን ማን ጨረሰው የሚለው የጎንዮሽ ወሬ። እሳቸው ሒሳቡን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ከጀመሩ ወዲህ ቀንሷል።

9። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተቀየረው። ስሙን የደበቀ ልጅ መጣ። የኛ ነገር ሁሉ ራስ ወዳድነት ነው አለ። ደሀው እንደ ሳሙና ነው፣ ኅሊናችሁን ታጥቡበትና ታስቀምጡታላችሁ አለን። ደስ ካላለኝ ተውኩ ማለቴ ራሱ ማስረጃ ሆኖ ቀረበብኝ። ከዚያ ወደ ፎቶው ዞረ። በበዓል ሰሞን አምስት ሊትር ዘይት ለአንዲት አሮጊት ለመስጠት ስድስት ሰው ባነር ይዞ ይሰለፋል፤ አሮጊቷ በሻሽዋ ፊቷን ስትሸፍን እንኳ ካሜራው አይዞርም ብሎ ጻፈ።

10። ልጁን አንድ ሰው ሰደበው። አልደግመውም።

11። ስትሰድበው እውነቱ አይጠፋም ብላ 10ን የያዘችው ሴት፣ እሷም ፎቶ ታነሣ እንደነበር ተናገረች። ውጭ አገር ያሉ ለጋሾች ማስረጃ ይጠይቃሉ። አሁን ግን የምግቡን፣ የድስቱን፣ የአብሳዮቹን እጅ እያነሡ ይልካሉ፤ የተመጋቢ ፊት አይነሣም። ለጋሾቹም አላጉረመረሙም። ይህን ሐሳብ እኛም ወስደነዋል፤ 9ን ስድቡን ትቼ አመስግኜዋለሁ። ልጁ መልስ አልሰጠም።

12። ነርስ ናት። ለእምነቴ ምርመራ ከመጀመሬ በፊት እንቅልፌን እንድመረምር መከረችኝ። በተከታታይ የሌሊት ተረኛ ሆና በሠራች ጊዜ፣ በሽተኛ ድኖ ሲወጣ እንኳ ምንም አይሰማትም ነበር። ልቤ ደነደነ፣ እግዚአብሔር ተወኝ ብላ አለቀሰች። ኋላ ዕረፍት ወጥታ እናቷ ቤት ተኝታ ስትነቃ ልቧ እንደነበረ አገኘችው። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ ሐሙስ ስንት ሰዓት ትነሻለሽ? ከሌሊቱ አሥር ሰዓት። ረቡዕ ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ወደ ስድስት። ከዚህ በኋላ መልስ አልጻፈችም፤ አንድ የሚገረም ፊት ብቻ ላከች።

13። ኮምቦልቻዎች ገቡ። አንዱ፣ ደሴ ላይ ደስታ የሚጠፋው በብርዱ ነው፣ ምሳውን ወደኛ አውርዱት አለ።

14 እና 15። ከዚህ በኋላ ውይይቱ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን ወረደ ማለት ይቻላል። የደሴ ጉም፣ የኮምቦልቻ ሙቀት፣ የሚኒባስ ታሪፍ፣ የትኛው ከተማ ቡና አሳምሮ ይቆላል። 15 ደግሞ ጨዋታውን ወደ ታሪክ መለሰው። ደሴ ሰው ማብላት ዛሬ አልጀመረችም፣ ንጉሥ ሚካኤል በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ያበሉ ነበር አለ። አንዲት ልጅ ከሥሩ ገብታ፣ ውሃውን ማን ቀዳ፣ እህሉንስ ማን ፈጨ ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት የለም። እኔም አላውቅም፤ ግን ጥያቄዋን ወድጄዋለሁ።

16። ሁላችንን ዝም ያሰኘው ይኼኛው ነው። ረጅም ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

የደሴ ሴት ናት። በ2013 ክረምት ከራያና ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሰው ደሴ ሲገባ፣ በየትምህርት ቤቱ ሰፍሮ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። እሷና ጎረቤቶቿ እየተዋጡ እንጀራ ይጋግሩ፣ ወጡን በጎላ ድስት ተሸክመው ይወስዱ ነበር። ከዚያ ጊዜ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም አለች። ደክሟት ትተኛለች፣ ግን ፈገግ ብላ ነው። ከተፈናቀሉት ሴቶች አንዳንዶቹ እናግዛችሁ እያሉ ይነሡ ነበር። እነሷ ደግሞ፣ እናንተ ዕረፉ፣ ያያችሁት ይበቃል እያሉ ያስቀምጧቸዋል። በደግነት ነው።

ጥቅምት 2014 ከተጋመሰ በኋላ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። እሷም ልጆቿን ይዛ ወጣች። በእግርም በመኪናም እያለች ደብረ ብርሃን ገባች፤ አንድ ቤተሰብ ተቀበላት። ምን የመሰሉ ሰዎች! ፍራሽ አነጠፉላት፣ ለልጆቿ ወተት ገዙላቸው፣ ለሷ ምግብ አቀረቡላት። አልበላ አላት። ርቧታል፣ ግን እጇ ወደ ትሪው አይሄድም። ዕቃ ልታጥብ ስትነሣ ዕረፊ ይሏታል። ልትጠርግ ስትል መጥረጊያውን ይቀሟታል። ሰው ቤት ተቀምጦ ሲያጎርሱት መዋል እንዴት እንደሚያሳንስ የዚያን ጊዜ ነው የገባት። ሞት ይሻላል እስከማለት ደርሳ ነበር።

አንድ ቀን የቤቱ እመቤት ወደ ገበያ ስትወጣ፣ ምስር የሞላ ሰፌድ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ለራት ይደርስ ዘንድ ልቀሚልኝ አለቻትና በሩን ዘግታ ሄደች። ሴትየዋ ምስሩን ለቀመች። ጠጠሩን ለብቻ፣ እንክርዳዱን ለብቻ። ማታ ከዚያው ምስር ሲቀርብ በላች። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች።

ከተማዋ በኅዳር መጨረሻ ነፃ ስትወጣ ተመለሰች። ቤቷ ባዶውን ነበር የጠበቃት። ከሁሉ የቆጫት ግን ዕቃው አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ዕረፉ እያለች ያስቀመጠቻቸው ሴቶች ናቸው። ለኔ የሰጠችኝ ምክር ደግሞ አጭር ነው። ሐሙስ ሐሙስ አረጋውያኑ ምን ይሠራሉ? ይጠብቃሉ፣ ይበላሉ፣ ይመርቃሉ። ደስታውን ሁሉ እናንተ ወስዳችሁት ድካሙም አብሮ መጣ፤ አካፍሏቸው።

17። የመድረሳው አስተማሪ ተመልሰው መጡ። ወንድምን በፈገግታ ማየት ራሱ ሰደቃ ነው የሚለውን ሐዲስ ጠቅሰው፣ እንኳን እጅ ያለው፣ ፊት ብቻ የቀረውም የሚሰጠው አለው አሉ። ዘካ ከተወሰነ መጠን በላይ ሀብት ያለው ሰው የሚያወጣው ግዴታ ነው፤ ሰደቃ ግን ደሀም ይሰጣል። ስለዚህ ደሀ ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ይሁን ያለ የለም።

18። በጣም የተቆጣ ሰው። ሰማንያ ዓመት የሠራችን እናት ለአንድ ጭልፋ ሽሮ ምስር ልታስለቅሙ ነው ወይ አለ። ምጽዋት እንጂ የቀን ሥራ አይደለም፤ ነውር ነው። እናቱ ከሚበሉት አንዷ ትሁን አትሁን አልነገረንም። ቁጣው ግን ከባዶ የመጣ አልመሰለኝም። በግድ ከሆነ ልክ ነው፣ በእውነት ነውር ነው።

19። ኮምቦልቻ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ጻፈች። ይኼ ሁሉ ወሬ ይገርመኛል አለች። እሷ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አራት ታገለግላለች፤ ደስ ይልሻል ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እናንተ ደስታ ጠፋብን የምትሉት፣ ብትፈልጉ መተው ስለምትችሉ ነው። እኔ ብተው የማድርበት የለኝም። አሠሪዋ በየሳምንቱ ነዳያን እንደሚያበሉም ጨመረች። በዚያ ቀን ሥራዋ እጥፍ ይሆናል፤ ምርቃቱ ግን ለሳቸው ነው።

20 እና 21። አንዱ ሁሉ ለበጎ ነው አላት። ሌላዋ ታዛዥ ለሆኑ አገልጋዮች የተጻፈ ጥቅስ ላከችላት። ሁለቱንም ባይጽፉት ደስ ባለኝ። ሰው አገልጋይ ቀጥሮ በጎ ሥራ ሲሠራ፣ በጎ ሥራው የማን ነው የሚለውን የሚመልስ ጥቅስ አይደለም የላኩት።

22። ነርሷ ናት ቁም ነገር የጠየቀቻት። የዕረፍት ቀን አለሽ? የለኝም። ደሞዝሽ በእጅሽ ይገባል? አይገባም፣ አባቷ ነው የሚቀበለው። ከዚያ ሁለቱ በውስጥ መስመር መነጋገር ጀመሩ፤ እኛ ከዚህ በላይ አላየንም።

23። ወንዶቹ የት አሉ የሚል ጥያቄ በመጨረሻ ተነሣ። አንድ የወንዶች ቅሬ ዳኛ ድንኳን እንተክላለን፣ መቃብር እንቆፍራለን፣ ወንበር እናጓጉዛለን ብለው ዘረዘሩ። እውነት ነው፤ በለቅሶ ጊዜ የነሱ ሥራ ቀላል አይደለም። ግን ሐሙስ ለቅሶ የለም። ይህን ስጽፍላቸው፣ ውሃና ማገዶ ከኛ ይሁን አሉ። የተጻፈ ነገር ስለሆነ ይዣቸዋለሁ።

24። ይኼ የኔው ምላሽ ነው። በቀጣዩ ሐሙስ ሦስት ሰፌድ ምስር አውጥተን ግቢው ውስጥ አስቀመጥን። ማንንም አላዘዝንም። ድሮ ልብስ ሰፊ የነበሩ አባት፣ ለመብላት እንጂ ለመልቀም አልመጣሁም ብለው ፊታቸውን አዞሩ። አክብረን ተውናቸው። የሁለቱ ሰፌድ ነገር እንዲሁ እንዲሁ ሆኖ አለፈ። ሦስተኛውን ግን፣ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ የኖሩ እናት ወሰዱት። ዓይናቸው ደክሟል፤ በጣታቸው ነው የሚለቅሙት። በመዳፋቸው ይበትኑታል፣ በአውራ ጣታቸው እያሻሹ ያልፉታል፣ ጠጠሩ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ይቆማል። ያንቺን ሰፌድ ደግሞ አምጪው አሉኝ። ተለቅሞ ያለቀ ነው አልኳቸው። ለማንኛውም አምጪው አሉ። አራት ጠጠር አወጡና ጉልበታቸው ላይ ደረደሩልኝ። ጥርሴን ልታረግፊው ነበር እንዴ ብለው ሴቱን ሁሉ አሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ሐሙስ ቀን ከሳቅሁ ቆይቻለሁ።

ደስታሽ ተመለሰ ወይ ለሚለኝ፣ ያን ያህል አልልም። ረቡዕ ማታ አሁንም ይደክመኛል። ግን የሚመጡት ሰዎች ስም ከነመልካቸው ይታየኝ ጀምሯል። በፊት የሚታየኝ የሳህን ቁጥር ነበር።

25። ዲያቆኑ በጸሎተ ሐሙስ ስለሚደረገው ሕጽበተ እግር ጻፈ። ጴጥሮስ እግሬን አታጥብም ብሎ እንቢ ያለው፣ መቀበል ከመስጠት ስለሚከብድ ሊሆን ይችላል አለ። ይህን ቀደም ብሎ ቢያመጣው 16ን ባልጠበቅን ነበር። ግን ከሷ አፍ መስማቱ ይሻላል።

26። 18 ተመልሶ መጣ፤ ረገብ ብሏል። ስለ ልብስ ሰፊው አባት ጠየቀ። ሳይለቅሙ ምሳ ተሰጣቸው ወይ? እንዴታ! መጀመሪያ የቀረበው ለሳቸው ነው። በቃ እንዲያ ከሆነ አለና ዝም አለ።

27። አንዲት ሴት ስለ ጾም አነሣች። በ2017 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲገቡ ምሳው ግራ አጋብቶን ነበር። ሙስሊሞቹ እስከ መግሪብ አይበሉም፤ ከክርስቲያኖቹም የሚጾሙት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ያን ጊዜ ምሳውን ወደ ማታ አዙረነው፣ ማፍጠሪያውን ቴምር ክርስቲያኖቹ ሴቶች ገዝተው ነበር። ወደፊትም ሲገጣጠም እንደዚያው ይሁን አለች። እኔ እስማማለሁ። ነገር ግን አረጋውያኑ በማታ ብርድ እንዴት ይመለሳሉ የሚለው አልተፈታም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሁለት ዙር በነፃ እመልሳለሁ ብሏል፤ ሁለት ዙር አይበቃም። ሌላ ባጃጅ ያለው ይጻፍልን።

28። የኮምቦልቻው ሰውዬ፣ እኛም ልንጀምር ነው፣ የጎላ ድስት አውሱን ይላል። ድስት ሐረጎን ወርዶ ተመልሶ አያውቅም ብሎ ቀድሞ የመለሰለት ሰው አለ። እናውሳለን፤ በፊርማ።

29። ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ያለፈው ሐሙስ የምስሩ ደረሰኝ አልደረሰኝም ብለዋል። ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ነገ አመጣለሁ።